ላስቀምጣት ብዬ ቆምኩ

ማንበብ የጀመርኩት በማኅበሩ ታሪክ ነው። የዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ማኅበር ለግቢው ሠራተኞችና ለአካባቢው ሰው የማታ ትምህርት ነበረው፤ የማታ ይባል እንጂ ከሥራ መልስ፣ ጀምበር ገና ሳትጠልቅ ነበር የምንማረው። በቂ መጽሐፍ ስላልነበረ የሚያስተምሩን ተማሪዎች የማኅበራቸውን ታሪክ እየቆራረጡ ሰሌዳው ላይ ይጽፉልን ነበር። ሌላው ሰው በልጅነቱ ስለ በሬና ስለ ሣር እያነበበ ፊደል ሲለይ፣ እኔ ልጅ አድርሼ፣ ጸጉሬ ሸብቶ፣ «ማኅበራችን በአናጺ ቤት ተመሠረተ» እያልኩ ለየሁ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ማኅበር እናቋቁም ሲሉ አስተዳደሩ አዳራሽ ከለከላቸው። የግቢው አናጺዎች ግን «እኛ ሥራ ስንጨርስ ቤቱ ባዶ ነው፤ ገብታችሁ ተነጋገሩ» አሏቸው። ተማሪዎቹ በሳንቃና በእንጨት ፍቅፋቂ መሀል ተቀምጠው ተሰበሰቡ። ግድግዳው ላይ ሰዓት አልነበረም። ስለዚህ ሰብሳቢው አንድ ብርጭቆ ውሃ ፊቱ ያስቀምጣል። ሐሳብ ያለው ሰው ተነስቶ ይናገራል፤ ተናግሮም አይቀመጥም፣ ቆሞ ይጠብቃል። ሰብሳቢው ውሃውን ይጠጣል። ውሃው ከማለቁ በፊት ሌላ አንድ ሰው ከተነሳ፣ ሐሳቡ ደጋፊ አገኘ ይባልና ለድምፅ ይቀርባል። ማንም ካልተነሳ ሐሳቡ ወደቀ፤ በዚያ ዓመት ዳግመኛ አይነሳም። አዳራሽ ካገኙ፣ ሰዓትም ግድግዳው ላይ ከሰቀሉ በኋላ እንኳ ይህን ልማድ አልተዉትም።

አናጺዎቹ በውለታቸው ፋንታ የጠየቁት ስማቸውን መጻፍ እንዲያስተምሯቸው ብቻ ነበር። የማታው ትምህርት የተጀመረው እንዲያ ነው። ተማሪዎቹም በደንባቸው ላይ «በማኅበሩ ጣሪያ ሥር የሚማር ሁሉ አባል ነው» ብለው ጻፉ። ስለዚህ እኛም የማታዎቹ አባል ነን፤ ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ በኋለኛው ረድፍ እንቀመጣለን። ከእኛ መሀል ተነስቶ የተናገረ ግን አይታወቅም። ከእኔ ጋር የሚማሩ የበሩ ጥበቃ ነበሩ፣ «አለቃ» የምንላቸው ሽማግሌ። «አባልስ አባል ነን፤ ወንበሩም አባል ነው» እያሉ ያስቁን ነበር።

ያስመዘገበችኝ ልጄ ናት። ሚጣ እንላታለን፤ አድጋም ስሙ አልለቀቃትም። በዚያው ግቢ የቅየሳ ትምህርት የመጨረሻ ዓመት ላይ ደርሳ ነበር፤ በማኅበሩ ደግሞ የተማሪዎች ደኅንነት ኃላፊ። ኃላፊ ስል ባለ ወንበር እንዳትመስላችሁ። አዲስ ለሚገቡት ፍራሽ ታውሳለች፣ የታመመ ሐኪም ቤት ታደርሳለች፣ ደም የሚሰጡትን ሰልፍ ታስይዛለች፣ ከቤት ድጎማ የተቋረጠበትን በማኅበሩ ሻይ ቤት በፈረቃ ታስገባለች። ቤት ስትመጣ ጫማዋን ሳታወልቅ እንቅልፍ ይጥላታል።

«ይሄ ማኅበር ያገባሽ ይመስል!» እላታለሁ።

«አይ እማ፣ ቢያገባኝማ ያበላኝ ነበር» ብላ ትስቃለች።

እኔ ከግቢው ማዶ ባለ ልብስ ማጠቢያ ቤት ካውያ ላይ ነው የምሠራው። የምረቃ ሰሞን ጥቁሩ ጋውን በክምር ይመጣል። እያንዳንዱን ስዘረጋ ትከሻውን በዓይኔ እለካዋለሁ፤ ለሚጣ ይሰፋታል፣ ይጠባታል እያልኩ። ባሌ ግንበኛ ነው፤ «ገና ፈተናውን ሳትፈተን ጋውኑን አሳጠርሽባት» ይለኛል። ይበል። እኔ ፈሪ ሰው ነኝ። ስልክ ሲጮህ መርዶ፣ በር ሲንኳኳ ፖሊስ ይመስለኛል። በዚህ ሁሉ ፍርሃት መሀል አንድ የያዝኩት ነገር ቢኖር ሚጣ ትመረቃለች የሚለው ነበር።

ከዚያ የማደሪያው ነገር መጣ።

በግቢው የጓሮ በር በኩል አሮጌ የሴቶች ማደሪያ አለ። ቀለሙ የተላላጠ፣ ቧንቧው ሲከፈት እንደ አሮጌ ሰው የሚያስል። የሚኖሩበት ከሩቅ የመጡ፣ ዘመድ የሌላቸው ልጆች ናቸው። አስተዳደሩ ሕንፃው ታድሶ ለቢሮ እንደሚከራይ፣ ልጆቹም ከመጪው መንፈቅ ጀምሮ ውጭ ቤት እንዲፈልጉ ለጠፈ። እያንዳንዷን ፍራሽ አውሳ ያስገባቻት ሚጣ ስለሆነች ቤታቸውን ታውቃለች፤ ውጭ የሚከራይ ቤት ዋጋውንም፣ የአከራዮቹንም ዓይን ታውቃለች። ማኅበሩ አቤት አለ። መልስ የለም። ድጋሚ አቤት አለ። የማኅበሩ ፕሬዚዳንት «ይቆየን» የሚሉት ልጅ ነው፤ ምንም ነገር ሲነሳ «ለጊዜው ይቆየን» ስለሚል። ሻይ ሲያዝ እንኳ ኮሚቴ ይጠራል ይሉታል። እሱ ይቆየን ሲል መንፈቁ ደረሰ።

ያኔ ተማሪው «ትምህርት እናቁም» ማለት ጀመረ። አስተዳደሩ ይህን ሲሰማ ሌላ ማስታወቂያ ለጠፈ፤ ትምህርት ይቁም የሚል ሐሳብ ያቀረበም፣ ተነስቶ የደገፈም ከግቢው ይሰናበታል ይላል። ይህን ማስታወቂያ ራሴ ነኝ ያነበብኩት፤ በጣቴ እየተከተልኩ፣ ከአንዱ ቃል ወደ ሌላው እየተሻገርኩ። «ይሰናበታል» ላይ ስደርስ ጣቴ ቆመ። ማንበብ ባልቻልኩ ብዬ የተመኘሁት ያን ቀን ነው።

በጉባኤው ቀን ጠዋት ሚጣ ሸሚዝ እንድተኩስላት ሰጠችኝ። የሥራ ቀን ሸሚዟን አይደለም፤ ነጩን።

«የት ልትሄጂበት ነው?» አልኳት።

«ጉባኤ አለ።»

«ጉባኤ ሁልጊዜ አለ። ነጭ ሸሚዝ ግን ሁልጊዜ የለም።»

አባቷ ዳቦውን ሻዩ ውስጥ እየነከረ ቀና አለ። ሚጣ ዝም ስትል እኔ ሁሉንም አወቅኩ።

«አንቺ ነሽ የምታቀርቢው?»

«የደኅንነት ኃላፊ እኔ ነኝ እማ። ሌላ ማን ያቅርበው?»

«ይቆየን ምን ሥራ አለው?»

«እሱ ውሃ ይጠጣል» አለችና ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

«ሚጣዬ፣ ስድስት ወር ነው የቀረሽ። ስድስት ወር ዝም በይልኝና ከዚያ ወዲያ አገር አንቀጥቅጪ።»

«ስድስት ወር ዝም ካልኩ እማ፣ እነዚያ ልጆች ከሳምንት በኋላ የት ያድራሉ?»

«እናት የላቸውም? እናቶቻቸው ይጨነቁላቸው! እኔ የምጨነቅላት አለችኝ።»

ይህን ስል አባቷ «ተይ እንግዲህ» አለኝ። ክፉ ቃል እንደወጣኝ ገባኝ፤ ግን አልመለስኩትም። ሚጣ ሸሚዙን ከእጄ ወሰደች፤ ገና ትኩስ ነበር።

«ብቻዬን አይደለሁም» አለች። «ጓደኛዬ ትነሳልኛለች። ተስማምተናል።»

ጓደኛዋን አውቃታለሁ። ቤታችን እየመጣች የምትበላ፣ የምትስቅ፣ እንደ ልጄ የማያት ልጅ ናት። ልቤ ግን አላረፈም። ሁለቱም ሊባረሩ ነው ማለት ነው። የልብስ ማጠቢያ ቤቱን ባለቤት «አሞኛል» አልኳትና አዳራሹ ሄጄ ከአለቃ ጎን፣ ከኋላ ረድፍ ተቀመጥኩ። ምን አደርጋለሁ ብዬ እንደሄድኩ አላውቅም። ቤት ሆኜ ከምፈራ እያየሁ ብፈራ ይሻላል ብዬ ይሆናል።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። መስኮቱ ላይ ሳይቀር ተቀምጠዋል። ይቆየን ከፊት ከጠረጴዛው ኋላ፣ ብርጭቆው ከፊቱ። ከጎን በኩል ከአስተዳደር የመጡ ሁለት ሰዎች ክንዳቸውን አጣምረው ቆመዋል።

«አለቃ፣ እነዚያ ምን ይሠራሉ?» አልኳቸው።

«የተነሳውን ይቆጥራሉ» አሉኝ። «አይዞሽ፤ እኛን አይቆጥሩንም።»

ሚጣ ተነሳች። ነጩ ሸሚዝ ከሩቅ ይታያል። ድምፅዋ መጀመሪያ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ተስተካከለ። ስለ ማደሪያው ተናገረች፤ ልጆቹን በስም ሳትጠራ በነገራቸው ጠራቻቸው። አስም ያለባትን፣ ከኮሪደሩ መብራት ሥር የምታጠናውን፣ የሟች እህቷን ሕፃን የምታሳድገውን። በመጨረሻ፣ «ውሳኔው እስኪነሳ ድረስ ትምህርት እንድናቆም ሐሳብ አቀርባለሁ» አለችና እንደ ደንቡ ቆማ ቀረች።

ይቆየን ብርጭቆውን አነሳ።

ጓደኛዋ በሦስተኛው ረድፍ ዳር ላይ ነበረች። አየኋት። ሚጣም አየቻት። ልጅቷ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር ማሰር ጀመረች። አሰረች፣ ፈታች፣ መልሳ አሰረች። ቀና አላለችም።

ያ በሁሉ ነገር የሚቆይ ልጅ ያን ዕለት ውሃውን በቶሎ በቶሎ ይጎነጭ ነበር። መጀመሪያ አዳራሹ ጸጥ አለ። ቀጥሎ ከወዲያ ጥግ አንዱ፣ «ሚጣ፣ ብቻሽን ነሽ!» አለ። ሌላው፣ «ተቀመጪ፣ ውሃው አለቀ!» አለ። ጥቂቶች ሳቁ፤ ክፋት ይሁን ፍርሃት አላውቅም። ከአስተዳደር ከመጡት አንደኛው ፈገግ አለ። የሚጣ ጀርባ ብቻ ነው የሚታየኝ። ሸሚዟ በአከርካሪዋ በኩል በላብ ርሶ ገላዋ ላይ ተለጥፏል። እጇን የት እንደምታደርገው ጠፍቷት ወንበሩን ጨብጣለች። ሕፃን ሳለች፣ ገበያ መሀል ጠፍታብኝ ሳገኛት እንዲያ ነበር የቆመችው፤ ሳታለቅስ፣ አንዱን ነገር ጨብጣ።

አንጀቴን በላችው። እውነቱን ልናገር፤ ስለ ማደሪያው ልጆች አላሰብኩም። አንድ ነገር ብቻ ነው ያሰብኩት፤ ትቀመጥና ይብቃት። ሄጄ ክንዷን ይዤ ላስቀምጣት፤ እያዩ እንዳይስቁባት ይዣት ልውጣ። «ልጄ፣ በቃ ተቀመጪ፣ ነይ እንሂድ» ልል ተነሳሁ። «ልጄ!» የምትለዋ ወጣች። ሌላው አልወጣም።

አዳራሹ ሁሉ ዞረ። ከዚያ ጭብጨባው ከመስኮት እስከ መስኮት ፈነዳ።

ይቆየን ብርጭቆውን ከከንፈሩ አወረደ። ከሥሩ ጥቂት ውሃ ቀርቶ ነበር። «የማታ... የማታ ተማሪ መደገፍ...» አለ። ሳይጨርሰው አለቃ ከጎኔ ብድግ ብለው፣ ከሰሌዳ ላይ እንደሚያነቡ ሁሉ ድምፃቸውን ዘርግተው፣ «በማኅበሩ ጣሪያ ሥር፣ የሚማር ሁሉ፣ አባል ነው!» አሉ። በደንብ ማንበብ የሚችሉት ዓረፍተ ነገር እሱ ነበር። አዳራሹ በሳቅና በጩኸት ተናወጠ።

«አይደለም፣ ልደግፍ አይደለም» ማለት ነበረብኝ። ጊዜም ነበረኝ። ግን ሚጣ ዞራ አየችኝ። እንዲያ አድርጋ አይታኝ አታውቅም። ስወልዳት እኔ እንዳየኋት ዓይነት ነው ልበል? እኔ ነኝ የወለድኳት፤ ያን ዕለት ግን እሷ እኔን አዲስ የወለደችኝ ይመስል ነበር። ፊቷ በራ። ቆሜ ቀረሁ። እጅ ሲወጣ አዳራሹ ደን መሰለ።

የሆነው ሆነ። ተማሪው መጻሕፍቱን ዘግቶ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ማኅበሩ ውሃ ያድላል፣ አንዳንዶቹ ቴአትር ይሠራሉ፣ የግድግዳ ጋዜጣቸውን በየቀኑ ይቀይራሉ። እኔ ከማዶ ካውያዬን ይዤ በመስኮት አያለሁ። በመጨረሻ አስተዳደሩ ተሸነፈ፤ ማደሪያው ለልጆቹ ይቆይ አለ። በዚያው ቀን ደግሞ ሚጣ ተሰናበተች። እኔም ወደ ግቢው እንዳልገባ ተከለከልኩ።

በሩ ላይ አለቃ ነበሩ። «እህቴ፣ እንዳትገቢ ታዝዣለሁ» አሉኝ። «እንዳላወራሽ ግን አልታዘዝኩም። ነይ እዚህ ድንጋይ ላይ ተቀመጪና ዛሬ የተማርነውን ልንገርሽ።» ሄድኩ፤ አልተቀመጥኩም።

ሚጣ አባቷ የሚሠራበት ግንባታ ላይ ገባች። ሜትር ትይዛለች፣ ችካል ትተክላለች፣ ገመድ ትወጥራለች። ፊቷ ፀሐይ መታውና ጠቆረ። እኔ የፈራሁት ሁሉ ደርሶ እሷ ግን አልተሰበረችም። እንዳትሰበር ያደረጋትን አውቃለሁ። ለሚጠይቋት ሁሉ አንድ መልስ ነበራት፤ «ማንም ባይነሳ እናቴ ተነሳችልኝ።» ይህን ለአከራዩ፣ ለቀን ሠራተኛው፣ ለአክስቷ ትናገራለች። ጓደኛዋ እያለቀሰች ይቅርታ ልትጠይቃት ስትመጣ እንኳ፣ «ተይው፤ አንቺ ብትነሺ ኖሮ እናቴን አላውቃትም ነበር» ብላ አቀፈቻት።

ልብስ ማጠቢያ ቤቱ የሚመጡ ተማሪዎች ቆመው ነው ሰላም የሚሉኝ። የማደሪያዋ ልጅ፣ አስም ያለባት፣ እጄን ልትስም ጎንበስ ብላ በካውያው ልትቃጠል ነበር። የልብስ ማጠቢያ ቤቱ ባለቤት፣ «ምን ዓይነት ሰው ነሽ? ለእኔ አሞኛል ብለሽ አገር ታቆሚያለሽ!» ትለኛለች፤ ግማሹ ቁጣ፣ ግማሹ ኩራት። እኔ ፈገግ እላለሁ። ያልሠራሁትን ያመሰግኑኛል፤ የሠራሁትን አያውቁም።

ለባሌ ብቻ አንድ ቀን፣ «ልደግፋት አልነበረም የተነሳሁት» አልኩት። እግሩን እየታጠበ ነበር። ብዙ አልተገረመም።

«ጠርጥሬያለሁ» አለ። «አንቺን አውቅሻለሁ። ግን ምን ታደርጊበታለሽ? ልጅቷ ደስ ብሏታል። ተይላት።»

ተውኩላት። ነገሩ ግን በዚያ አልቀረም።

በዓመቱ ይቆየን ቤታችን መጣ። ተመርቆ፣ በማኅበሩ አማካሪ ሆኖ ቀርቶ ነበር። ስታሙት ትኖራላችሁ፤ ልጁ ለካ ያን ሁሉ ወር ቢሮ ለቢሮ ሲመላለስ ነው የከረመው። አስተዳደሩ ሚጣን መልሶ እንዲቀበል አግባብቷል። አንድ ወረቀት ይዟል። ሚጣ ከፈረመች እስከ ዓርብ ተመዝግባ የቀራትን ትጨርሳለች። ካለፈ ግን አበቃ፤ ስሟ ከመዝገብ ይወጣል።

ሚጣ ወረቀቱን ቆማ አነበበችው። መልሳ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«አልፈርምም።»

«ሚጣ፣ ቃል ብቻ እኮ ነው፣ ባዶ ቃል!» አለ ይቆየን። «ያቀረብኩት ስህተት ነበር በይና ግቢ። ማደሪያው እንደሆነ አይነካም፤ አልቋል።»

«የኔን ስህተት ነበር ማለት አያቅተኝም» አለች። «ቀጥሎ ያለውን አንብብ። የደገፈኝም ሰው ተሳስቶ ነው ይላል። እናቴን ተሳስታ ነው ብዬ ልፈርም? ስሟን ለመጻፍ ሁለት ዓመት የተማረችውን ሴትዮ፣ ያ ሁሉ ምሁር መሬት መሬት ሲያይ ብቻዋን የቆመችውን?»

ባሌ አየኝ። እኔ የጠረጴዛውን ጨርቅ ማስተካከል ጀመርኩ። ይቆየን ወጥቶ ሲሄድ በሩ ላይ፣ «እማማ፣ እርስዎ ካልነገሯት ማንም አይነግራትም» አለኝ። እሺ ትለኛለች ብሎ ነው፤ ምን እንደምነግራት አያውቅም።

ሐሙስ ምሳቸውን ይዤ ወደ ግንባታው ሄድኩ። አባቷ ከሲሚንቶው ጋር ይታገላል፤ ሚጣ ከወዲያ የመሠረት መስመር እየለካች ነበር።

«ደግ መጣሽ እማ፣ ይቺን ጫፍ ያዢልኝ» አለችኝ። የብረቱን ሜትር ጫፍ ሰጥታኝ ወደ ኋላ እየተራመደች ሄደች። ሜትሩ መሀላችን ተወጠረ። እኔ አንዱ ችካል ጋ፣ እሷ ሌላው ጋ።

«ሚጣዬ፣ ፈርሚው።»

«አጥብቀሽ ያዢው፣ ይረግባል።»

«የተጻፈው እውነት ነው። ተሳስቼ ነው።»

ሳቀች። «አስተዳደሩ ገዛሽ እንዴ?»

«ልደግፍሽ አልነበረም የተነሳሁት። ላስቀምጥሽ ነበር። እየሳቁብሽ ነበር፣ አልቻልኩም። ክንድሽን ይዤ ላወጣሽ ነው የተነሳሁት።»

ሜትሩን እያየች ነበር፤ ቀና አለች።

«"ልጄ!" ብለሻል እኮ። ሁሉም ሰምቷል።»

«ልጄ ተቀመጪ ልል ነው። ተቀመጪ የሚለው አልወጣልኝም።»

ከወዲያ አባቷ አካፋውን ተክሎ ያየናል። ሚጣ መሬቱን አየች፣ ችካሉን አየች፣ መልሳ እኔን አየችኝ። ያን በአዳራሹ ያየሁትን ፊት ፈለግኩት። አልነበረም።

«ታዲያ ለምን ዛሬ ነገርሽኝ?» አለች። ድምፅዋ ቁጣ የለውም፤ ቢኖረው ይሻል ነበር።

«እንድትፈርሚ። ዓርብ ነገ ነው።»

«እሺ» አለች። ቁጥሩን አነበበች፣ ጻፈች። «አሁን ልቀቂው፤ ቀስ አድርገሽ፣ እጅሽን እንዳይቆርጥሽ።» ለቀቅኩት። ሜትሩ እየተጠቀለለ ወደ እሷ ሄደ።

ዓርብ ፈረመች፤ ተመዘገበች። ወደ ቤት ስትመጣ ባሌ ከደስታው የተነሳ ጎረቤት ሊጠራ ተነስቶ ነበር። እልል ማለት የሚገባኝ እኔ ነበርኩ፤ ዓመቱን ሙሉ የለመንኩት ነገር ነው። ከጉሮሮዬ አልወጣ አለኝ። ባሌ ወደ ደጅ ሲወጣ ሚጣ ሰሐኖቹን እየደረደረች፣ ሳታየኝ ጠየቀችኝ።

«እማ፣ ያን ቀን ብቀመጥልሽ ደስ ይልሽ ነበር?»

መዋሸት እችል ነበር። አንዴ እውነት መናገር ጀምሬያለሁ ብዬ፣ «አዎ» አልኳት።

«እሺ» አለች። «ማወቄ ይሻላል።»

ይሻላል አለች እንጂ ተሽሏት አላየሁም። ትምህርቷን ይዛለች፤ በርትታ ታጠናለች፤ መምህራኑ ያመሰግኗታል። ከማኅበሩ ወጥታለች። የፍራሽ መጋዘኑን ቁልፍ መልሳለች። ከአፏ ክፉ ቃል አልወጣም፤ እንዳመመኝ ከሰማች መድኃኒት ትገዛልኛለች፣ ጫማዬ ሲያረጅ ሳልነግራት ታመጣለች። ድሮ ግን በር ሳትዘጋ ወሬዋን ትጀምር ነበር፤ ማን ከማን እንደተጣላ፣ ይቆየን ምን እንዳለ፣ ሻይ ቤቱ ስኳር እንዳለቀበት። አሁን «ዛሬስ ትምህርቱ እንዴት ነው?» ስላት፣ «ደህና ነው» ትላለች። እኔም ደህና ነው ማለቷን ይዤ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ። ስጨነቅላት የኖርኩት ሁሉ ሞላልኝ። ሲሞላልኝ እንዲህ ይሆናል ብሎ የነገረኝ ግን አልነበረም። አንዳንዴ ካውያውን እንደያዝኩ ቆሜ አስባለሁ፤ ባልነግራት ኖሮ ሜትር እንደያዘች ትቀር ነበር፣ ግን እናቷ ቆማላት። የቱ ይሻላት ነበር? እስካሁን አላወቅኩትም።

የእኔም ክልከላ ስለተነሳ ማታ ማታ እማራለሁ። አለቃ ሁለተኛ መጽሐፍ ጀምረዋል፤ እኔ ከእሳቸው ኋላ ቀርቻለሁ። ባለፈው ሳምንት ማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ጠራ። ሄጄ በኋላ ረድፍ ተቀመጥኩ። የማደሪያዎቹ ልጆች ሲያዩኝ እየተጋፉ መጡ፤ ሁለቱ በቀኝ፣ ሁለቱ በግራ ተቀመጡ። አስም ያለባት በሩን ታያለች።

«ሚጣስ? አልመጣችም እንዴ?» አለችኝ።

«ጥናት አለባት» አልኳት።

ጥናት አልነበረባትም።